ውሃ ያነፈስንበት ቀን

«አያቴ፣ ውሃ ያነፈሳችሁበትን ቀን ንገሪን» እያሉ ልጆቹ ሲጨቀጭቁኝ ከረሙ። እኔ ደግሞ ወሬ ስጀምር መንገድ ይጠፋኛል፤ አንኮበር ልሂድ ብዬ ተነስቼ አረርቲ እገኛለሁ። ፊደልም አልቆጠርኩ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ማርታ ትጽፋለች፤ «አያቴ፣ ወጣሽ» ስትለኝ እመለሳለሁ። እናንተም ታገሱኝ።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ የአንኮበሩን ቤት ለታላቁ ልጄ ትቼ ዘዋሪ ሆንኩ። ክረምቱን አረርቲ ሁለተኛው ልጄ ቤት፣ ጥቢውን ደብረ ሲና እህቴ ቤት፣ በጋውን ደብረ ብርሃን ትንሿ ልጄ ብርቄ ዘንድ። ማንም ሂጂ ብሎኝ አያውቅም። ሂጂ ከመባሌ በፊት እሄድ ነበራ! ምራቴ የድስቱን ክዳን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ከከደነችው ነጠላዬን አነሳለሁ። «ምነው እማማ፣ ቆዩ እንጂ» ስትል እኔ መኪና መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሰው «የሺ ጠባየ መልካም ናት፣ ዓመል የላትም» ይለኝ ነበር። ዓመል ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፤ አውጥቼው አላውቅም።

ብርቄ የማርታ እናት ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ወገቤን፣ ወገቤን ስትል ከርማ አንድ ጠዋት ከአልጋ ልትወርድ ስትል እግሯ ከዳት። ሁለቱም። በባጃጅ አጋድመን ሆስፒታል ወሰድናት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ደብረ ብርሃን ነው ማለቱ ይበቃል። ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ነካ፣ ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ የጀርባ አጥንቷ ውስጥ ነርቯን የሚጫን ነገር አለ። ቶሎ ካልተነሳ እግሯ አይመለስም። የት እንዳለ የሚያሳየኝን ፎቶ ሳላይ ግን ቢላ አላነሳም።»

«ቶሎ ማለት ልጄ?»

«ዛሬ። ቢዘገይ ቢዘገይ ነገ ጠዋት።»

የአዲስ አበባው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ያለን ያ ሆስፒታሉ ውስጥ የተተከለው አንድ ማሽን ነው፤ ኤም አር አይ ይሉታል። ተረኛ ሆነን ኮሪደሩ ላይ፣ ብርቄ በሚገፋው አልጋ ላይ፣ እኔ በአጠገቧ ቁጭ አልን። ከበሩ ወዲያ «ጪው… ጪው… ጪው…» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልክ እንደ ጫጩት።

«እማዬ፣ ውስጥ ዶሮ ያረባሉ እንዴ?» አለችኝ ብርቄ። እግሯ የሌለ ያህል ሆኖ እንኳ ቀልድ አይጠፋትም።

አሁን ወደ ጓሮ ልውሰዳችሁ። ከማሽኑ ክፍል በስተጀርባ በሽቦ አጥር የተከበበ ትልቅ የብረት ሳጥን አለ። ላዩ ላይ ማራገቢያ ይዞራል፤ ቀን ከሌት ሙቅ ንፋስ ይተነፍሳል። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ አገር በነፃ ሙቅ ንፋስ የሚሰጥ ነገር ከተገኘ ሰርግ ቤት ነው የሚሆነው። አስታማሚው ሁሉ የሚሞቀው እዚያ ነው። ጋቢ ያጠበ፣ የሕፃን ጨርቅ ያጠበ፣ ብርድ ልብሱን ዝናብ የመታው ሁሉ አጥሩ ላይ ያሰጣል። ጥበቃው ራሱ ካፖርቱን ያሰጣ ነበር። የሚያሞቀን ነገር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው ብሎ ማን ያስባል?

በዋዜማው ኃይለኛ የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር በዚያን ቀን ጠዋት አጥሩ በልብስ ታጭቋል። ንፋስ ተነሳ። የረጠበ ብርድ ልብስ ተገልብጦ ማራገቢያው ላይ አረፈ፤ ካፖርቱ ተከተለ፤ ጋቢም ተከተለ። ማራገቢያው አቃሰተ፣ አቃሰተና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ዝም።

እኛ ኮሪደር ላይ ያለን ይህን አላየንም። የሰማነው የጫጩቷን መቆም ነው።

«እማዬ፣ ዝም አለ» አለች ብርቄ።

አንድ ቀጭን ወጣት በሩን በርግዶ ወጥቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ናትናኤል ይባላል፤ የማሽኑ ኢንጂነር ነው። የሀዋሳ ልጅ፣ ብርዱ ያንገበገበው፣ ኮት በኮት ላይ የሚደርብ። «መጣሁ» ብያት ተከተልኩት።

ስደርስ ብርድ ልብሶቹን አንስቶ፣ የማራገቢያውን ሞተር ፈትቶ፣ ሆዱን ከፍቶ ይዞታል። ውስጡ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ከሰል መስሏል። የግቢው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከረባቱን እያስተካከለ ደረሰ።

«የማን ነው ይህ ብርድ ልብስ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከመሃል አንድ ረጅም ሰው ወጣ፤ ጣሰው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከተማው ዳር ካምፕ ውስጥ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሚስቱን ያስታምማል።

«የእኔ ነው ጌታዬ።»

«እናንተ ደግሞ! ካምፑ አልበቃ ብሏችሁ ሆስፒታሉንም ልታፈርሱት ነው?»

ይሄኔ ከአሊዩ አምባ የመጣች ዘሀራ የምትባል፣ እንደ እኔው ያረጀች ሴት፣ ጣቷን ቀሰረች። «ጌታው፣ ከሥሩ ያለው የጥበቃዎ ካፖርት ነው። እሱንም ካምፕ ይላኩታ!»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ጥበቃው ካፖርቱን ከኋላው ደበቀ። ናትናኤል ግን አልሳቀም። የተቃጠለውን ሽቦ አሳየን።

«ይህ ግድ የለም፤ ከተማ ውስጥ ሞተር የሚጠመጥም ሰው አለ፣ ይጠመጥመዋል። እዚያ ውስጥ ግን» አለና ወደ ማሽኑ ክፍል አመለከተ፣ «ከዚህ እጅግ የሚረዝም ሽቦ ተጠቅልሎ ሂሊየም በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። እዚያ ውስጥ ያለው ብርድ በምድር ላይ የለም። እንዲያ እስከ በረደ ድረስ ኤሌክትሪኩ ማንም ሳይገፋው፣ ሳይደክም ይዞርበታል። ከሞቀ ግን ሽቦው ይታገለዋል። ሲታገለው ይግላል፤ ሲግል ፈሳሹ ባንድ ጊዜ ፈልቶ በዚያ በጣሪያው ቧንቧ ተኖ ይጠፋል። ሽቦው ከነደደ ደግሞ እሱን የሚጠመጥም በአገራችን የለም።»

«የእኛ ብርድ አይበቃውም ልጄ?» አልኩት።

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የእናንተ ብርድ ለእኔ ይበቃኛል እማማ። ለእሱ ምድጃ ነው።»

«ታዲያ ሳይቃጠል አጥፋዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ ለምን ተሠራ?»

«እሱ ማሽኑ እንደ ማግኔት ብረት ስቦ ሰው ሲያጣብቅ፣ ለነፍስ ነው የሚጫኑት። ዛሬ ከተጫንነው የፈራነውን በገዛ እጃችን አደረግነው ማለት ነው። አሁን ያ ጪው ጪው የሚለው፣ ፈሳሹን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ስለቆመ ቀስ በቀስ እየተነነ ነው። ሞተሩ ተጠምጥሞ እስኪመለስ ያንን ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ልይዘው እችላለሁ። ከዚህ ሮቶ በጎማ ይወርድለታል። ግን የቧንቧ ውሃ ዛሬ የእኛ ሰፈር ፈረቃ አይደለም።»

ሮቶው ድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ ነው። ውሃ ያለው ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «አለቀ። ሞተሩን ላከው፤ ከተረፈ ተረፈ። ጥበቃ! ግቢው ይጽዳ! አስታማሚ የተባለ ሁሉ ውጡ!»

ውጡ። ሰው ጓዙን መሰብሰብ ጀመረ። የእኔም እጅ፣ አፈር ይብላውና፣ ሳላዘው ነጠላዬን አነሳ። ዕድሜ ልኩን የለመደው ነው። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ያቺ ጫጩት ትዝ አለችኝ፤ የብርቄም እግር፣ ቀዝቅዞ ብርድ ልብሱ ሥር እንደ ሌላ ሰው እግር የተጋደመው። አንድ ባዶ ጀሪካን እፊቴ ነበር። ገልብጬ ቁጭ አልኩበት።

«እናቴ፣ አልሰሙም? ውጡ ተብሏል» አለኝ አንዱ ጥበቃ።

«ሰምቻለሁ። አልወጣም።»

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ዘሀራ እንኳ ዞራ አየችኝ።

«ብርድ ልብሱ የእኛ ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው» አልኩ። «ያጠፋ ሰው ክሶ ነው የሚወጣ። ሳንክስ ወዴት ነው የምንወጣ? ደቦ ጠርቻለሁ!»

ደቦን የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ፤ በእኛ አገር ማሳው የበዛበት ሰው ደቦ ይጠራል። የተጣላውም ይመጣል፤ ደቦ ላይ ቂም የለም። ጠሪው ያበላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሳው ሳያልቅ ከደቦ የሚሄድ ሰው መልካም ስሙ አብሮት ይሄዳል። ጣሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ብድግ ብሎ ጀሪካን አነሳ።

«ደቦ ጠሪ ያበላል» አለች ዘሀራ ወገቧን ይዛ። «ምን አለሽና?»

«ቆሎ።»

«እኔ ጥርስ ያለኝ መስሎሽ ነው?» አለችና እሷም ጀሪካን አነሳች።

ጥበቃዎቹ ወደ ሥራ አስኪያጁ አዩ፤ እሱ እጁን አወናጭፎ ወደ ቢሮው ገባ። ናትናኤል ሞተሩን በባጃጅ ወደ ጠምጣሚው ላከ። ከዚያ ኖራ አምጥቶ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረ። «ከዚህ ወዲያ፣ ከጣሪያው ቧንቧ ሥር፣ ማንም እንዳይቆም! ፈሳሹ ከወጣ በብርዱ ያቃጥላል፣ ትንፋሽም ይነሳል። ወደ ክፍሉም ማንም አይገባም።» እኛ ከመስመሩ ወዲህ ከጉድጓዱ እስከ ሮቶው ተሰለፍን። ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እኔ ክንዴ ስለማይችል ኮሪደሩ መስኮት ሥር አቆሙኝ፤ ሥራዬ ማዳመጥ ሆነ።

ውሃው በጎማው ወረደ። ናትናኤል ገብቶ አንድ ነገር ከፈተ። ጠበቅን። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «ጪው… ጪው…»

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። ብርቄ ከኮሪደሩ «አለች!» ብላ መለሰች። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። የሚቀጥለው ታማሚ እኮ የሁሉም ሰው ነው፤ ያንዱ እናት፣ ያንዱ ሚስት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዕቃውን አቀዝቅዞ የሚወጣው ውሃ ሞቆ ነው የሚወጣው፤ በሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ይፈሳል። ጉድጓዱ ደግሞ ጎደለ፤ ጀሪካኑ ጭቃ መቅዳት ጀመረ።

ናትናኤል ራሱን ያዘ። «የሚወጣውን ካልመለስን አንዘልቅም። ሞቃቱን ከመለስን ደግሞ ዋጋ የለውም። እስኪ ሳፋ ያላችሁ አምጡና ሜዳው ላይ ዘርጉት፤ ንፋሱ ያቀዝቅዘው።»

ዘረጋን። ቀዘቀዘ፤ ግን ዘገየ። ጣሰው ሳፋዎቹን ቆሞ አያቸው። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣና ሙቁን ውሃ በጀሪካን ወደ ላይ አንስቶ፣ በንፋሱ አቅጣጫ እያዘነበለ፣ በቀጭኑ፣ ሥር ወዳለው ሳፋ ለቀቀው። ልክ አውድማ ላይ ገብስ እንደሚያነፍስ። ውሃው በንፋሱ ውስጥ ተበታትኖ ወረደ። ናትናኤል ሙቀት መለኪያውን ነከረ፤ ቀና ብሎ ጣሰውን አየ።

«ድገመው!»

«ይህንማ ስንት ዓመት ደገምኩት» አለ ጣሰው። «ማሳው ነው የቀረ እንጂ እጁ አለ።»

ጉልበት ያለው ሁሉ ድንጋይ ላይ ወጣ። ውሃ ስናነፍስ፣ ስናነፍስ! ዘሀራ «ገለባው የታል? ገለባው ሳይኖር ምን ደቦ ነው?» እያለች ከታች ታስቃለች፤ ቆሎውን በነጠላዬ ይዤ አዞርኩ። እሷም በድዷ ታገለችው።

ሥራ አስኪያጁ ያገኘን እንዲህ ሆነን ነው። አሁን ጥበቃዎቹን ሁሉ ይዟል።

«አብዳችኋል? ውሃ በአየር ላይ ትረጫላችሁ? አንድ ሰው ቢጎዳ ማን ነው የሚጠየቀው?» ወደ ናትናኤል ዞረ። «አሁኑኑ አዲስ አበባ ላሉት የማሽኑ ባለሙያዎች ደውል። ቀጥሉ ካሉ ይቀጥል። ተዉት ካሉ ግን አንድ አስታማሚ እዚህ ግቢ አላይም። በጉልበት ነው የማስወጣው።»

ናትናኤል ስልኩን አውጥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኛ ጀሪካናችንን እንደያዝን ቆምን። ጀርባውን ብቻ ነው የምናየው።

«አዎ… አዎ፣ ሞተሩ ነው… ውሃ እየሰጠነው ነው… ሰው ነው የሚሸከመው…» ከዚያ ጆሮውን ለስልኩ ሰጠ። «እሺ… ገባኝ… እሺ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ነው የዞረው።

«ቀጥሉ ብለዋል» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን ነከሰ። «እኔ የለሁበትም» ብሎ ሄደ። ጥበቃዎቹ ግን ሁሉም አልሄዱም፤ ያ ካፖርቱን ያሰጣው እዚያው ቀርቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ከቀትር በኋላ የከፋው መጣ። ንፋሱ ተኛ። ደብረ ብርሃን ንፋስ ይጠፋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ቅጠል አልነቃነቅ አለ። ውሃው ብንደፋው፣ ብናነፍሰው ሙቅ ሆኖ ወረደ። ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ነበር። «ጪው…» ቆየ። «ጪው…» ከዚያ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። የለም።

«እማዬ?» አለች ብርቄ ከውስጥ። በዚያች «እማዬ» ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ዞሬ ሰዉን አየሁት። እጁ የተላጠ፣ ልብሱ የረጠበ፣ ከንፈሩ የጠቆረ። አንድ ሁለት ሰው ጀሪካኑን አስቀመጠ።

«ማሳው አላለቀም!» አልኩ። «ንፋስ ተኛ ብሎ ከአውድማ የሚሄድ ገበሬ አለ?»

«ንፋሱ ከተኛ ይቀስቀሳ!» አለች ዘሀራ።

ጣሰው ያን ጉደኛ ብርድ ልብሱን ከአጥሩ ላይ አነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰጥቶ ደርቋል። ጫፉን ለጥበቃው ሰጠው፤ ሌላውን ጫፍ እሱ ያዘ። ሳፋዎቹ ላይ ወዘወዙት፤ «ሆ! ሆ!» እያሉ። ሌላውም ጋቢውን ይዞ መጣ፤ ሌላዋም አንሶላዋን። ጠዋት ማራገቢያውን ያነቀው ልብስ ሁሉ ማራገቢያ ሆነ። ከላይ ውሃ ይወርዳል፣ ከጎን ልብስ ይወዘወዛል፤ ፊታችን ሁሉ ርሶ። ናትናኤል መለኪያውን እየነከረ «ትንሽ… ትንሽ…» ይላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሮጠ።

እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ግቢው ሁሉ እጄን አየ።

«ጪው…»

አልጮህኩም። እጄን ብቻ ዝቅ አደረግኩት፤ ሰዉ ገባው። ማንም እልል አላለም፤ ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባጃጇ ጡሩምባዋን እየነፋች ገባች። ሞተሩ አዲስ መዳብ ለብሶ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። ናትናኤል ወስዶ አሰረው። ማራገቢያው ዞረ። ሙቁ ንፋስ ፊታችንን ሲመታን፣ እንዲያ በርደን፣ እንዲያ ረጥበን፣ አንድም ሰው ወደ አጥሩ አልተጠጋም።

ብርቄን ያስገቧት ሳይመሽ ነው። በማግስቱ ማለዳ ቢላ ተነሳ። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ግራ እግሯ ትንሽ ይጎተታል፤ ግን የራሷ እግር ነው። የጣሰው ሚስትም በዚያው ማሽን ታይታ መድኃኒቷን አገኘች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ታዲያ አንቺ ምን ሆንሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ አሁንም ዘዋሪ ነኝ። ግን የምሄደው መሄድ ሲያምረኝ ነው። ምራቴ ክዳኑን ስታንኳኳ «ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ይሰበራል» እላታለሁ፤ ቁጭ ብዬ። መጀመሪያ ያልኳት ቀን ሳቀች፤ ለካ ክዳኑ ጠማማ ሆኖ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ስንት ዓመት ከስንት ቤት በክዳን ድምፅ ወጥቻለሁ! ውጡ ማለት ለአንዳንድ ሰው ቀላል ነው፤ በሩ የእሱ ነዋ። እናንተ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ትታችሁት የምትሄዱትን ዞራችሁ እዩት። የምታነፍሱት ነገር ከቀረ፣ ጀሪካን ገልብጣችሁ ተቀመጡ።

ናትናኤል ወደ ሀዋሳ ሊመለስ ሲል፣ ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ብርቄ ቤት ሊሰናበተን መጣ። ያኔ ሕፃን የነበረችው ማርታ አድጋ ስላያት ደነቀው። ምሳ በልቶ ሲነሳ በሩ ላይ ቆመና፣ «እማማ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለኝ።

«ምን ልጄ?»

«ያን ቀን በስልኩ ‹ማሽኑ አበቃለት፤ ሰዉን አስወጡና ተዉት› ነው ያሉኝ። ቀጥሉ ያለ ሰው አልነበረም።»